ግዙፍ ከዋክብት የተወለዱበትን ደመና ይበትኑታል ወይስ ሌሎች ከዋክብት እንዲወለዱበት ያደርጋሉ?

የሌሊት ተረኛ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ያጋባኝ ነገር አለና የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ስለ ከዋክብት አወላለድ ባነበብኩ ቁጥር ሁለት የሚጣረሱ ነገሮች ያጋጥሙኛል። አንዱ ጽሑፍ ግዙፍ ከዋክብት በአልትራቫዮሌት ጨረራቸው በዙሪያቸው ያለውን ጋዝ እየበተኑ የሌሎችን ልደት ያስቆማሉ ይላል። ሌላው ደግሞ ያው ጨረር ደመናውን ጨምቆ አዳዲስ ከዋክብት እንዲወለዱ ያደርጋል ይላል። አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ ጽሑፍ፣ በተከታታይ አንቀጾች ይመጣሉ፤ ጸሐፊው ግን ልብ ያለው አይመስልም።

በትንሽ ቴሌስኮፕ የኦሪዮንን ኔቡላ ደጋግሜ አይቻለሁ። መካከሉ ላይ ትራፔዚየም የሚባሉት አራት ከዋክብት ተጠጋግተው ይታያሉ። እነዚያ አራት ነጥቦች ያን የሚያህል ደመና ይበትናሉ ማለት ለማመን ይከብዳል። ለመሆኑ ብርሃን ጋዝን የሚገፋው እንዴት ነው? ከሁለቱ ጽሑፎችስ የትኛውን ልመን?

ናሁ

እኔ እስከማውቀው ዋናው አጥፊ ሱፐርኖቫ ነው። ግዙፉ ኮከብ ሲፈነዳ ደመናውን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ የፍንዳታው ሞገድ በሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ጋዙ ተጨምቆ አዲስ ትውልድ ይወለዳል። ስለዚህ ሁለቱም ጽሑፎች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ስለ ቅርቡ ጋዝ፣ ሌላው ስለ ሩቁ ያወራል። ጨረሩ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ይመስለኛል።

አሮጌ ስፔክትረም

ናሁ፣ ሱፐርኖቫ ጉልበተኛ መሆኑን ማን ይክዳል፤ ችግሩ ዘግይቶ መድረሱ ነው። በሱፐርኖቫ የሚሞቱት ከፀሐይ በስምንት እጥፍ ገደማና ከዚያ በላይ የሚከብዱት ናቸው። ከሁሉ የከበዱት እንኳን ለመፈንዳት ሦስት ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል፤ ቀለል ያሉት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይቆያሉ። ጨረሩ ግን ኮከቡ ከበራበት ጊዜ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ሱፐርኖቫው ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው አስቀድሞ የተቦረቦረ፣ ዳር ዳሩን የተገፋ ደመና ነው። ትንሽ ነገር ያልከው ጨረር ነው ቤቱን ባዶ አድርጎ የሚጠብቀው።

የሌሊት ተረኛ፣ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ብርሃን ጋዙን «ይገፋዋል» የሚለው አነጋገር ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ብርሃን የራሱ ግፊት አለው፤ ኦሪዮንን በመሰለ ደመና ውስጥ ግን የጨረሩ ዋና ሥራ መግፋት ሳይሆን ማሞቅ ነው።

የሃይድሮጅን አቶም ኤሌክትሮኑን የሚለቀው ቢያንስ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ፎቶን ሲመታው ነው፤ በሞገድ ርዝመት ከ91.2 ናኖሜትር ያነሰ ማለት ነው። ፀሐያችን ገጽዋ 5,800 ኬልቪን ገደማ ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለ ፎቶን የምታወጣው ኢምንት ነው። ከአራቱ የትራፔዚየም ከዋክብት ደማቁ፣ ቴታ አንድ ኦሪዮኒስ ሲ የሚባለው፣ ገጹ ወደ 39,000 ኬልቪን ይሞቃል። በየሴኮንዱ የሚያወጣቸውን እንዲህ ያሉ ፎቶኖች ለመጻፍ ከአንድ ቀጥሎ ወደ 49 ዜሮ መደርደር ያስፈልጋል። እርስዎ አራት ነጥብ አዩ፤ ሥራውን በአብዛኛው የሚሠራው ግን አንዱ ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቀዝቃዛው ደመና 10 ኬልቪን አካባቢ ነው። ጨረሩ አዮን ያደረገው፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ያስለቀቀው ጋዝ ወደ 10,000 ኬልቪን ይደርሳል። ይህ ብቻውን 1,000 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ሲሰባበር ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኤሌክትሮን ይሆናል፤ አንድ የነበረው ቅንጣት አራት ሆነ ማለት ነው። ግፊት በሙቀትና በቅንጣቶች ብዛት ልክ የሚያድግ ስለሆነ፣ ጋዙ ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ ግፊቱ 4,000 እጥፍ ይሆናል። ደመናውን የሚበትነው ይህ ነው፤ የሞቀው ጋዝ ራሱ ነው ጎረቤቱን የሚገፋው።

ሙቀቱ እዚያ ላይ መቆሙም ምክንያት አለው። በጋዙ ውስጥ በጥቂቱ ያለው ኦክስጅን ከኤሌክትሮኖች ጋር ሲጋጭ በ500.7 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን እያወጣ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በቴሌስኮፕዎ ኔቡላው አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ ከታየዎት ያዩት በአብዛኛው ይህንን ነው፤ ጋዙ ሲቀዘቅዝ አይተውታል ማለት ነው።

ስበት ይህን ጋዝ ለምን አይዘውም? መጠነ ቁሱ የፀሐይን 10,000 እጥፍ የሆነ፣ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 16 የብርሃን ዓመት የሚርቅ ደመና እንውሰድ። ከእርሱ ስበት ለማምለጥ በሴኮንድ 4 ኪሎ ሜትር ይበቃል። አዮን የሆነው ጋዝ ደግሞ በሴኮንድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። የሚያስቀረው የለም፤ በቀጭኑ በኩል ቀዳዳ ካገኘ ፈንድቶ ይወጣል። የኦሪዮን ኔቡላ ወደ እኛ በኩል እንዲህ ስለተከፈተ ነው ውስጡ ከዚህ ሆነን የሚታየን።

ጨረሩ ግን ወሰን አለው። የተለያዩት ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ተመልሰው ይገናኛሉ፤ ኮከቡም መልሶ ይለያያቸዋል፤ በዚህ ላይ ፎቶኖቹ ያልቃሉ። ቤንግት ስትሮምግሬን እ.ኤ.አ. በ1939 ያሰላው ይህንን ወሰን ነው። በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 100 አቶም ባለው ጋዝ ውስጥ፣ ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት ኮከብ እስከ 10 የብርሃን ዓመት ድረስ አዮን ያደርጋል። እፍጋቱን ወደ 1,000 ከፍ ያድርጉት፤ ወሰኑ ወደ ሁለት የብርሃን ዓመት ይወርዳል። የጥያቄዎ መልስ የተደበቀው እዚህ ነው። እውነተኛ ደመና ወጥ አይደለም። ሳሳ ባለው በኩል ጨረሩ ሩቅ ሄዶ ይበትናል፤ የታመቀው ጓል ላይ ሲደርስ ግን ከላይ ከላይ ብቻ ይቀርፈዋል።

ያ የተቀረፈው ጋዝ ወደ ኮከቡ አቅጣጫ ሲተን፣ ጓሉ በአጸፋው ወደ ኋላ ይገፋል። ያን ኦርትና ላይማን ስፒትዘር እ.ኤ.አ. በ1955 የጻፉት ስለዚህ ጉዳይ ነው፤ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሮኬት ውጤት ይሉታል። በዚያው ጊዜ የግፊት ሞገድ ወደ ጓሉ ውስጥ ይገባል። ጓሉ በራሱ ስበት ለመውደቅ ጥቂት ብቻ የቀረው ከሆነ ያ ሞገድ ይጨርሰውና ኮከብ ይወለዳል። ሌላም መንገድ አለ፤ ብሩስ ኤልመግሪንና ቻርልስ ላዳ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳዩት እየሰፋ የሚሄደው ሙቅ ጋዝ ከፊቱ ያገኘውን ቀዝቃዛ ጋዝ እየሰበሰበ ይከምረዋል፤ ክምሩ ሲከብድ ይሰባበርና ከየስባሪው ከዋክብት ይወጣሉ።

ስለዚህ ሁለቱም ሂደቶች በፊዚክስ ትክክል ናቸው። እኔን የሚያበሳጨኝ ሚዛኑ ነው። ሙቁ ጋዝ በደመናው ውስጥ በቦረቦረው አረፋ ዳር ዳር ወጣት ከዋክብት ተደርድረው የታዩ እንደሆነ «ጨረሩ አስወለዳቸው» ተብሎ ይጻፋል። ሳይወለዱ ይቀሩ እንደነበር በምን ታወቀ? በኮምፒውተር አንዱን ደመና ሁለት ጊዜ ማስኬድ ይቻላል፤ አንዴ የግዙፉን ኮከብ ጨረር አብርቶ፣ አንዴ አጥፍቶ። እንዲህ ሲደረግ የሚወጣው ውጤት ከሥዕሉ የተለየ ነው። ጥቂት ከዋክብት ቀድመው ይወለዳሉ፤ ብዙዎቹ ያለ ጨረሩም ይወለዱ የነበሩ ሆነው ጋዙ ሲገፋ ብቻ ወደ ዳር የሄዱ ናቸው፤ ጨርሰው ሳይወለዱ የሚቀሩም አሉ። ወደ ኮከብነት የሚለወጠው ጠቅላላ ጋዝ በአብዛኛው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። «የትኛውን ልመን» ላሉኝ፣ በጠቅላላው ሲመዘን በታኙን ይመኑ፤ አስወላጁን ደግሞ ጓል በጓል ማስረጃ ይጠይቁት።

ናሁ

ጋሼ፣ ስለ ሱፐርኖቫው ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ አርሲደብሊው 120 የሚባለውን አረፋ ምን ሊሉት ነው? በአንድ ግዙፍ ኮከብ ዙሪያ ክብ ሆኖ ቁጭ ያለ ነው። ሄርሼል የተባለው የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2010 ልክ ዳሩ ላይ ገና በመወለድ ላይ ያለ፣ ቢያንስ የፀሐይን ስምንት እጥፍ የሚመዝን ኮከብ አገኘ። ይህ ካላሳመነዎት ምን ያሳምንዎታል?

አሮጌ ስፔክትረም

ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፤ ከሚጠቀሱት ሁሉ ጠንካራው እርሱ ነው። ግን በሥዕል አትፍረድ፤ ፍጥነቱን ለካ።

ፍጥነት እንዴት እንደሚለካ ልንገርህ፤ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ነው። ሶፊያ የሚባል በቦይንግ 747 ላይ የተጫነ ቴሌስኮፕ ነበር። አዮን የሆነ ካርበን በ158 ማይክሮሜትር የሚያወጣውን ብርሃን ይመዘግብ ነበር። ይህ ብርሃን የሚመጣው ከሙቁ ጋዝ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ተገፍቶ ከተከመረው ቅርፊት ነው። በአረፋው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ታሰምርና በየነጥቡ የጋዙን ፍጥነት ታስቀምጣለህ። ቅርፊቱ ቆሞ ከሆነ ቀጥ ያለ መስመር ታያለህ። እየሰፋ ከሆነ ግን ዳሮቹ ላይ ፍጥነቱ ከደመናው ጋር እኩል ይሆንና ወደ መሃል ስትሄድ እየጎበጠ ይርቃል፤ ሰሌዳው ላይ ግማሽ ቀስት ይወጣል። ያን ጉብጠት በዓይንህ ካየህ በኋላ ክርክር የለም፤ የጉብጠቱ ከፍታ የስፋቱ ፍጥነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ መንገድ የኦሪዮን ቅርፊት ተለካ፤ በሴኮንድ 13 ኪሎ ሜትር እየሰፋ ነው፤ መጠነ ቁሱም የፀሐይን ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። እዚህ ላይ ለጨረሩ ብቻ እንዳላደላ፣ ይህን ትልቁን ቅርፊት በዋናነት የገፋው የቴታ አንድ ኦሪዮኒስ ሲ የከዋክብት ነፋስ ሆኖ ነው የተገኘው። ነፋስ የምንለው ከኮከቡ ገጽ በሴኮንድ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚወረወረውን ጋዝ ነው። ጨረሩና ነፋሱ ከአንድ ኮከብ ወጥተው አንድ ደመና ላይ ስለሚዘምቱ፣ የአንዱን ሥራ ከሌላው መለየት ቀላል አይደለም።

ያንተ አርሲደብሊው 120 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ተለካ፤ በሴኮንድ 15 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዕድሜውም ከ150,000 ዓመት በታች። ለኮከብ ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች እዚያ ልደቱ በአረፋው ምክንያት እንደተፋጠነ ይሟገታሉ፤ እኔም ተፋጠነ ቢሉኝ አልከራከርም። ነገር ግን በዚያ አጭር ዕድሜ ውስጥ ጋዙ ከባዶ ተሰብስቦ፣ ከብዶ፣ ተሰባብሮ፣ ስምንት ፀሐይ የሚያህል ኮከብ ጀመረ ማለት አይዋጥልኝም። ጓሉ አስቀድሞ እዚያው የነበረ ይመስለኛል፤ አረፋው መጥቶ ጨመቀው። ማፋጠንና ማስወለድ አንድ አይደሉም።

የሌሊት ተረኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አራት ሺህ እጥፍ የሚለው ስሌት ብቻውን ብዙ ነገር ገለጠልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ አዲስ በተወለደ ኮከብ ዙሪያ ያለ ፕላኔት ሠሪ ዲስክ ከጨረሩ ፊት ቢሆን ምን ይሆናል? ሁለተኛ፣ በንስር ኔቡላ ያሉት፣ የፍጥረት ዓምዶች የሚባሉት ታዋቂ የጋዝና የአቧራ ዓምዶች ከስድስት ሺህ ዓመት በፊት ፈርሰዋል፣ የምናየው የድሮ ብርሃናቸውን ነው የሚባለው እውነት ነው?

ጠፈር ወዳድ

የዲስኩን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ አሁን የምከታተለው እርሱን ነው።

ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኦሪዮንን ሲያነሳ በትራፔዚየም አቅራቢያ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ ነገሮች ተገኙ። ክቡ ጫፍ ወደ ደማቁ ኮከብ ዞሯል፣ ጅራቱ ወደ ኋላ ተዘርግቷል፤ በውስጣቸው ወጣት ኮከብና ዲስክ አለ። ዲስኩ እየተነነ ነው።

ደስ የሚለው ነገር እዚህ የሚሠራው በዋናነት አቶሙን አዮን የሚያደርገው ጨረር አለመሆኑ ነው። ከ13.6 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለው፣ ለስለስ ያለው አልትራቫዮሌት ከሃይድሮጅን አቶሞች አልፎ ይገባና ሞለኪውሎችን ይሰብራል፤ ከአቧራው ላይ ኤሌክትሮኖችን እየነቀለም ጋዙን ያሞቃል። ጋዙ 10,000 ኬልቪን መድረስ አያስፈልገውም። የዲስኩ ውጫዊ ክፍል ከኮከቡ ስለሚርቅ የተያዘው በደካማ ስበት ነው፤ ጥቂት መቶ ኬልቪን ይበቃዋል።

ዲ203-506 የሚባል ዲስክ በኦሪዮን አለ፤ ከእኛ 1,350 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ባለቤቱ የፀሐይን አንድ አሥረኛ ያህል የሚመዝን ቀይ ድንክ ኮከብ ነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ ዲስክ ውስጥ ሜቲል ካታዮን የተባለውን የካርበን ሞለኪውል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ አገኘ። የሞለኪውሉ መፈጠር ጉልበት የሚያገኘው ከዚያው አጥፊ ከተባለው ጨረር ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ጥናት ደግሞ ዲስኩ ጋዙን በምን ፍጥነት እንደሚያጣ አሰላ፤ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጁፒተርን የመሰለ ፕላኔት የሚሠራበት ጋዝ አይኖረውም። ድንጋያማ ፕላኔት ግን ሊሠራ ይችላል፤ አቧራው አንዴ ካደገና ከከበደ የሚተነው ጋዝ አይወስደውም።

አሮጌ ስፔክትረም

ጠፈር ወዳድ በደንብ ተናግረሻል። ዓምዶቹን ለእኔ ተዪልኝ።

የስድስት ሺህ ዓመቱ ወሬ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2007 በስፒትዘር ቴሌስኮፕ ምስል ላይ በዓምዶቹ አጠገብ ሞቃት አቧራ ታየ። ይህን ያሞቀው የሱፐርኖቫ ሞገድ ከሆነ፣ ሞገዱ ዓምዶቹ ዘንድ ደርሶ አፍርሷቸዋል፤ የመፍረሳቸው ብርሃን ግን ገና አልደረሰንም ተባለ። «ከሆነ» የምትለዋን ቃል ጋዜጦቹ ጣሏት። አቧራውን እዚያው ያሉት የግዙፍ ከዋክብት ጨረርና ነፋስም ሊያሞቁት ይችላሉ፤ የሱፐርኖቫው ሐሳብም ብዙ ደጋፊ አላገኘም።

ልኬት የያዘውን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቺሊ ባለው ታላቁ ቴሌስኮፕ ላይ ሙዝ በተባለው መሣሪያ የዓምዶቹ ስፔክትረም (በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረ ብርሃን) ነጥብ በነጥብ ተወሰደ። ከጫፎቻቸው የሚተነው ጋዝ በሚሊዮን ዓመት የፀሐይን 70 እጥፍ ያህል ነው። የቀራቸው 200 ገደማ ነው። ሁለት መቶን ለሰባ ያካፍሉ፤ ወደ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ይቀራቸዋል። አልፈረሱም፤ እየተላጡ ነው።

ከላይ የጀመርኩትን ክርክር የሚደግፈውም እዚሁ ዓምዶች ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የሀብል ምስል ሲወጣ በዓምዶቹ ገጽ ላይ ጣት ጣት የመሰሉ ትናንሽ ጓሎች ታዩ፤ በየጓሉ ኮከብ እየተወለደ ነው ተብሎ ተወራ። በኋላ አቧራውን ዘልቆ በሚያይ ኢንፍራሬድ 73ቱ አንድ በአንድ ተመረመሩ። የወጣት ኮከብ ምልክት የተገኘባቸው 11 ብቻ ናቸው። የቀሩት 62 ጨረሩ ሳያስወልዳቸው ሊያተናቸው የሚችል ባዶ ጓሎች ናቸው።

ናሁ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። የማምለጫ ፍጥነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ የሚበልጥ በጣም ከባድ ደመና ቢሆንስ? በርስዎ ስሌት ሙቁ ጋዝ ማምለጥ አይችልም። ታዲያ ደመናው ሙሉ በሙሉ ወደ ኮከብነት ይለወጣል?

አሮጌ ስፔክትረም

አይለወጥም፤ የበታኙ ማንነት ነው የሚለወጠው። መጀመሪያ ላይ የናቅሁት የብርሃን ግፊት ተራው እዚያ ይደርሳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ግዙፍ ከዋክብት በጠባብ ቦታ ሲታጨቁ፣ አቧራው የሚውጠው ብርሃን የሚያሳድረው ግፊት ከሙቁ ጋዝ ግፊት ይበልጣል። አቧራው ሲገፋ ጋዙንም ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ከጋዙ ውስጥ ወደ ኮከብነት የሚለወጠው ድርሻ በተራ ደመና ውስጥ ከሚታየው ጥቂት በመቶ በጣም ከፍ ሊል ይችላል፤ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ግን አያልቅም። በትንሹ ደመና ላይ ይህን ግፊት ከስሌቱ ያወጣሁት የለም ብዬ ሳይሆን ከሙቀቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ ነው፤ በትልቁ ላይ ግን ከስሌቱ የሚወጣው ሙቀቱ ነው።